የሴሌክሽን ማስክ ማጽዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰውን ወይም ዕቃን ከባክግራውንዱ ነጥሎ ማውጣት ዛሬ በአንድ ክሊክ የሚያልቅ ይመስላል። በአንድ ክሊክ የሚያልቀው ግን ግማሹ ሥራ ነው። ቀሪው ማስኩን ማጽዳት ነው። ምስሉ ተቆርጦ የተለጠፈ መምሰሉና አለመምሰሉ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ፎቶሾፕ ከሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ናቸው። ጂምፕ የሚባለውን ሌላ ሶፍትዌር ለምትጠቀሙ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ለብቻው መልስ አለ።

ማስክ ከሴሌክሽን በምን ይለያል?

ሴሌክሽን ፎቶው ላይ የመረጣችሁት ቦታ ነው፤ ጊዜያዊ ነው። ሌላ ቦታ ክሊክ ስታደርጉ ይጠፋል። ማስክ ግን ያው ምርጫ በጥቁርና ነጭ ምስል መልክ ሌየሩ ላይ (ምስሉ ከሚደራረብባቸው ንብርብሮች አንዱ ላይ) ተቀምጦ ሲቆይ ነው። ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይደብቃል፣ ግራጫው ደግሞ እንደ ድምቀቱ መጠን በከፊል ያሳያል። ባለ 8 ቢት ፋይል ላይ ከ0 (ድፍን ጥቁር) እስከ 255 (ድፍን ነጭ) 256 ደረጃዎች አሉት።

ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚነሱት ከአንድ ነገር ነው፦ ማስክ ራሱ ፎቶ ነው። ፎቶ ላይ የሚሠራው ብሩሽ፣ ብለር (ማደብዘዣ)፣ ሌቭልስና ከርቭስ (ብርሃንና ጨለማን የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች)፣ ሁሉም ማስክ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ዋናውን ፎቶ እያያችሁ አትጨነቁ። ጥቁርና ነጩን ምስል አውጥታችሁ እሱን ኤዲት አድርጉ።

ኢሬዘር የምትጠቀሙ ካላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። ኢሬዘር ፒክስሉን ያጠፋዋል። ማስክ ግን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሲያስፈልግ በነጭ ብሩሽ ትመልሱታላችሁ።

ምርጫው ስክሪን ላይ ንጹህ ይመስላል። ባክግራውንዱን ስቀይር ቆሻሻው ከየት መጣ?

መጀመሪያም ነበረ፤ አልታያችሁም እንጂ። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ያ የሚንቀሳቀሰው የተቆራረጠ መስመር ነው። ፎቶሾፕ መስመሩን የሚያሰምረው ቢያንስ 50 በመቶ በተመረጡ ፒክስሎች ዙሪያ ብቻ ነው። 40 በመቶ የተመረጠ ፒክስል ከመስመሩ ውጪ ስለሚቀር ያልተመረጠ ይመስላችኋል። ማስኩ ላይ ግን እንደ ግራጫ ነጠብጣብ ተቀምጧል። በተቃራኒው ደግሞ የሰውየው ደረት ላይ 70 በመቶ ብቻ የተመረጠ ቦታ ሊኖር ይችላል። መስመሩ ደህና ነው ይላችኋል፤ አዲሱ ባክግራውንድ ግን በደረቱ በኩል ብቅ ይላል።

ሁለተኛው፣ አሮጌው ባክግራውንድ ስህተቱን ይሸፍነዋል። ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ጠርዙ ላይ ነጭ ቢቀርበት፣ ግድግዳው ከኋላው እስካለ ድረስ ማንም አያየውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቆረጣችሁት ሌየር ሥር አንድ ቀለም ብቻ የሞላበት ሌየር ጨምሩ። መጀመሪያ ድፍን ጥቁር፣ ቀጥሎ ድፍን ነጭ፣ ቀጥሎ ፎቶው ውስጥ ፈጽሞ የሌለ ደማቅ ቀለም አድርጉትና እዩ። ሴሌክት ኤንድ ማስክ በሚባለው መስኮት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የኤፍ ቁልፍን ደጋግማችሁ ስትጫኑ እይታው በጥቁር ላይ፣ በነጭ ላይ፣ በጥቁርና ነጭ እያለ ይቀያየራል። በሦስቱም ላይ ካለፈ፣ ያኔ ንጹህ ነው ማለት ይቻላል።

ማስኩን ለብቻው እንዴት ላየው?

የኦልት ቁልፍን ይዛችሁ (ማክ ላይ ኦፕሽን) የማስኩን ትንሽ ምስል ክሊክ አድርጉ። ሺፍት ይዛችሁ ክሊክ ብታደርጉ ማስኩ ለጊዜው ይጠፋል፤ ዋናውን ፎቶ ከተቆረጠው ጋር ለማነጻጸር ይመቻል።

አሁን አንድ ብልሃት ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰዓት የሚቆጥብ ነው። በጣም ደብዛዛ የሆነ ግራጫ በዓይን አይታይም። 5 እና 0 ለዓይን ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ስለዚህ ማስኩ ለብቻው በሚታይበት ሰዓት ኮንትሮልና ኤል ተጫኑና ሌቭልስን ክፈቱ። ነጩን ስላይደር እስከ ግራ ጫፍ ድረስ ጎትቱት። ድፍን ጥቁር ያልሆነ ነገር በሙሉ ቦግ ብሎ ይወጣል። የት የት እንዳለ ልብ በሉ። ከዚያ ነጩን መልሱና ጥቁሩን ስላይደር እስከ ቀኝ ጫፍ ጎትቱት። አሁን ደግሞ ድፍን ነጭ ያልሆነው ሁሉ ጠቁሮ ይታያችኋል። አይታችሁ ስትጨርሱ ካንስል በሉት። ምንም አልቀየራችሁም፤ ግን የት መሥራት እንዳለባችሁ አውቃችኋል።

ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ውስጡን፣ ቀጥሎ ውጪውን፣ በመጨረሻ ጠርዙን። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። ብዙ ሰው በቀጥታ ጠርዙ ላይ ይረባረባል። ግን ጠርዝ ለማለስለስ ብለር ስትጠቀሙ፣ ያልተጸዳው ነጠብጣብ ሁሉ ተስፋፍቶ ጭጋግ ይሆናል። ያኔ ማጽዳቱ ሁለት እጥፍ ሥራ ነው።

ውስጡ ላይ ያሉ ቀዳዳዎችንና ውጪ ያሉ ነጠብጣቦችን እንዴት ላጥፋ?

ከጠርዙ ርቆ ላለው ነገር ጥንቃቄም ጥበብም አያስፈልግም። ላሶ ቱል (በእጅ እየከበቡ የሚመርጡበትን መሣሪያ) ውሰዱ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብላችሁ ውስጡን በሙሉ ክበቡና በነጭ ሙሉት። ከዚያ ውጪውንም እንዲሁ ክበቡና በጥቁር ሙሉት። አሁን የቀራችሁ በጠርዙ ዙሪያ ያለች ጠባብ መስመር ብቻ ናት። የሚያለፋው ሥራ ሁሉ ወደዚያች መስመር ጠቦላችኋል።

እዚያ ላይ ሌቭልስ ይረዳል። ጥቁሩን ስላይደር ወደ 20፣ ነጩን ወደ 235 ብታደርጉ ከ20 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለው ድፍን ነጭ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጠርዙን በመጠኑ ያደርቀዋል። ፀጉር ያለበት ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ፀጉሩን ከምርጫው አስወጡት።

ሚዲያን የሚባለው ፊልተርም አለ። በ1 ወይም 2 ፒክስል ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ጠራርጎ ይወስዳል። ችግሩ ቀጭን ነገርን ከቆሻሻ አይለይም። የፀጉር ዘለላና የሽቦ ጫፍ አብረው ይሄዳሉ። ጠጣር ጠርዝ ላላቸው ዕቃዎች ብቻ ተጠቀሙበት።

ብሩሽ እቀባለሁ፤ ምንም ነገር አይቀየርም። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠው ማስኩ ሳይሆን ፎቶው ነው። ሌየር ፓነል ላይ የማስኩን ትንሽ ምስል ክሊክ አድርጉ። እሱ ካልሆነ የተረሳ ሴሌክሽን አለ፤ ኮንትሮልና ዲ ተጫኑ። እሱም ካልሆነ የብሩሹን ኦፓሲቲ (ምን ያህል ድፍን እንደሚቀባ) እና ሞድ እዩ።

ጠርዙ ተሸራርፏል፣ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። እንዴት ላለስልሰው?

ማስኩ ላይ መጀመሪያ ጋውሲያን ብለር፣ ቀጥሎ ሌቭልስ። ይህ ጥንድ አንዴ ከገባችሁ ሌላውን መሣሪያ ሁሉ ትረዱታላችሁ።

ብለር ሲደረግ በጥቁሩና በነጩ መካከል ሰፋ ያለ የግራጫ መሸጋገሪያ ይፈጠራል። ጥቃቅኑ ጥርስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ጠርዙ ግን ብዥ ብሏል። ስለዚህ ሌቭልስ ከፍታችሁ ጥቁሩንና ነጩን ስላይደር ወደ መሃል ታቀራርባላችሁ፤ ለምሳሌ 110 እና 145። መሸጋገሪያው ይጠባል፣ ጠርዙ ተመልሶ ይሰላል፤ አሁን ግን ያለ ጥርስ።

ሌላም ጥቅም አለው። ሁለቱን ስላይደሮች አንድ ላይ ወደ ቀኝ ብትወስዷቸው፣ 150 እና 185 እንበል፣ ነጩ ይቀንስና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ግራ ብትወስዷቸው ወደ ውጪ ይሰፋል። ሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ያሉት ስሙዝ፣ ኮንትራስትና ሺፍት ኤጅ የሚሰጡት ውጤትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በእጅ ስትሠሩት ግን አንድ ቦታ ብቻ መርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የትከሻው ጠርዝና የጣቱ ጠርዝ አንድ ዓይነት ሕክምና አይፈልጉም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብለሩ በበዛ ቁጥር ሹል ማዕዘኖች ይዶለዱማሉ። የጥፍር ጫፍ፣ የኮሌታ ጥግ፣ የመጽሐፍ ማዕዘን የመጀመሪያ ተጠቂዎች ናቸው። ከ2 ወይም 3 ፒክስል በላይ ካስፈለጋችሁ ችግሩ ብለር የሚፈታው አይደለም፤ ያን ቦታ በብሩሽ ወይም በፔን ቱል (ነጥብ በነጥብ መስመር በሚሠራው መሣሪያ) እንደገና ሥሩት።

ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀርብኛል። ማስኩን ስንት ጊዜ ባስተካክለውም አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚማረርበት ይህ ነው። አይጠፋም የሚለውም እውነት ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው ማስኩ ላይ ብቻ አይደለም።

ካሜራው ፎቶውን ሲያነሳ ጠርዙ ላይ ያረፈው ፒክስል የሁለቱንም ብርሃን ተቀብሏል። ግማሹ የሸሚዙ ቀለም ነው፣ ግማሹ የግድግዳው። ሁለቱ እዚያች አንዲት ፒክስል ውስጥ ተዋህደዋል። ማስኩ ይህን ፒክስል 50 በመቶ አሳየው ሲል ትክክል ነው። ነገር ግን የሚያሳየው ቀለም ራሱ ውስጡ ግድግዳ አለበት። ስለዚህ መስመሩ የቀለም ችግር ነው። ማስክ ስለ ቀለም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ምን ያህል ይታይ የሚለውን ብቻ ነው የሚወስነው።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ያንን የተበከለ ፒክስል መደበቅ ነው። ማስኩን በ1 ፒክስል ወደ ውስጥ አስገቡት። ፎቶሾፕ ላይ ፊልተር፣ አዘር፣ ሚኒመም የሚለው ጥቁሩን ያሰፋል፣ ነጩን ያጠባል። ለዕቃ፣ ለልብስ፣ ለሕንፃ ይህ በቂ ነው። ለፀጉር ግን አይሆንም። ዘለላው ራሱ 1 ወይም 2 ፒክስል ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ቀለሙን ራሱን መቀየር ነው። ሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ዲኮንታሚኔት ከለርስ የሚባል ምርጫ አለ። የጠርዙን ቀለም ከውስጥ ባለው ቀለም ይተካዋል። ፒክስሉን ራሱን ስለሚቀይር ውጤቱን አዲስ ሌየር ላይ ያወጣል። አንዳንዴ ድንቅ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጠርዙን ጭቃ ያስመስለዋል።

እኔ የምመርጠው በእጅ መሥራትን ነው፤ የትኛውም ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ሌየሩን ከነማስኩ ኮፒ አድርጉ። ማስኩን ሳይሆን ፎቶውን ምረጡ። ክሎን ስታምፕ (ከአንድ ቦታ ወስዶ ሌላ ቦታ የሚቀባውን መሣሪያ) ውሰዱና ከጠርዙ ትንሽ ገባ ካለ ቦታ ቀለም እየወሰዳችሁ ወደ ውጪ፣ ጠርዙን አልፋችሁ ቅቡ። ማስኩ ስላለ የተቀባው ነገር ከቅርጹ አይወጣም። ነጩ መስመር በልብሱ በራሱ ቀለም ይተካል። ማስኩም አልተነካም፤ ለስላሳነቱ እንዳለ ነው። ፀጉር ላይ ደግሞ በትንሽ ብሩሽ የፀጉሩን ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ከውስጥ እየወሰዱ ወደ ጫፎቹ ማውጣት ይበቃል።

አዲሱ ባክግራውንድ ከአሮጌው ጋር የተቀራረበ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ነጭ ግድግዳ ፊት የተነሳን ሰው ነጣ ያለ ሰማይ ላይ ብታደርጉት መስመሩ አይታይም። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ በብርሃን የሚቀራረብ ባክግራውንድ ፈልጉ።

ፀጉርስ?

ፀጉርን ዘለላ በዘለላ ለመቁረጥ አትሞክሩ። ማንም አይቶ አይቆጥረውም። ተመልካቹ የሚያየው ጠቅላላ ቅርጹንና ጠርዙ ላይ ያለውን ሳሳ ማለት ነው።

መጀመሪያ አውቶማቲኩ ምርጫ የቻለውን ይሥራ። ቀጥሎ ሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ሪፋይን ኤጅ ብሩሽ የሚባለውን ይዛችሁ ፀጉሩ ከባክግራውንዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ብቻ ቅቡ። ወደ ውስጥ፣ ወደ ግንባሩና ወደ ፊቱ አትግቡ። ሶፍትዌሩ የቆዳ ጥላን ባክግራውንድ ነው ብሎ ቀዳዳ ይሠራበታል።

ይህ አልሳካ ሲል ቻነል የሚባለው የቆየ ዘዴ አሁንም ንጉሥ ነው። ፎቶው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻነሎች የተሠራ ነው። ሦስቱን አንድ በአንድ እዩና ፀጉሩ ከባክግራውንዱ ጎልቶ የሚለይበትን ኮፒ አድርጉ፤ ማስካችሁ የሚሠራው ከዚህ ኮፒ ነው። ጥቁር ፀጉር በሰማያዊ ሰማይ ፊት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊው ቻነል ነው። ሌቭልስ ተጠቅማችሁ ልዩነቱን አጉሉት፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር እንዲሆን ገልብጡት፣ ከዚያ ብሩሹን ኦቨርሌይ ሞድ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን ቅቡ። ኦቨርሌይ ላይ ነጭ ብሩሽ ድፍን ጥቁሩን አይነካም፤ ጥቁር ብሩሽም ድፍን ነጩን አይነካም። መሃል ያለው ግራጫ ብቻ ወደ አንዱ ወገን ይገፋል። ዘለላዎቹ ይነጣሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ዶጅና በርን የሚባሉት መሣሪያዎችም ይህንኑ ይሠራሉ፤ ዶጁን ሃይላይትስ ላይ፣ በርኑን ሻዶውስ ላይ አድርጓቸው።

ከርዳዳና ጎፈሬ ፀጉር የራሱ ጠባይ አለው። ዘለላው ረጅም ሆኖ አይወጣም፤ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በጥምዝምዙ መካከል ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ ብርሃንም በእነሱ ያልፋል። እዚህ ላይ ስሙዝ የሚለውን ስላይደር ዜሮ አድርጉት። ከጨመራችሁት ፀጉሩ ዙሪያውን ተላጭቶ የራስ ቁር ይመስላል። ጠርዙ ላይ ያለው ሻካራነት የፀጉሩ ማንነት ነው፤ ቆሻሻ አይደለም። የጎደለ ቦታ ካለ፣ ነጠብጣብ የሚረጭ ወይም ሻካራ ጫፍ ያለው ብሩሽ መርጣችሁ ማስኩ ላይ በነጭ መለስ መለስ አድርጉት። ክብ ለስላሳ ብሩሽ ከተጠቀማችሁ ፀጉሩ ዙሪያ የግድግዳው ቀለም ያለው ጉም ይቀራል።

ፀጉሩ ጥቁር፣ አሮጌው ባክግራውንድ ነጭ ከሆነ አንድ አቋራጭ አለ። ሌየሩን ኮፒ አድርጋችሁ ብሌንድ ሞዱን (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) መልቲፕላይ አድርጉት። ነጩ በራሱ ይጠፋል፣ ጥቁሮቹ ዘለላዎች ይቀራሉ። ይህንን ፀጉሩ አካባቢ ብቻ እንዲታይ በማስክ ወስኑት። በማስክ የተቆረጠው ሰውነት ከላይ ይቀመጣል። አዲሱ ባክግራውንድ ጨለማ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ይጠፋል።

ፌዘር ስንት ላድርግ?

ፌዘር ጠርዙ በስንት ፒክስል ይለስልስ የሚለውን የሚወስን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ፎቶው ይነግራችኋል። እስከ ፒክስሉ ድረስ ዙም አድርጉና እዚያው ፎቶ ውስጥ ፎከስ ላይ ያለ ጠርዝ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ለመሸጋገር ስንት ፒክስል እንደሚፈጅ ቁጠሩ። 2 ከሆነ ማስካችሁም ወደ 2 ገደማ ይሁን። ከፎከስ ውጪ ያለ ትከሻ 10 ወይም 15 ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለብቻው በብለር ቱል አለስልሱት። ሁሉንም ጠርዝ በአንድ ፌዘር መምታት ነው ምስሉን ሐሰተኛ የሚያስመስለው።

ብርጭቆ፣ ጭስ፣ ስስ ጨርቅ እንዴት ይጸዳል?

እዚህ ግራጫው ቆሻሻ አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፈው ነገር ማስኩ ላይ ግራጫ መሆን አለበት። ሌቭልስ ተጠቅማችሁ ካደረቃችሁት ስሱ ጨርቅ አቡጀዲ ይሆናል። ግራጫውን ተዉት፣ ጠጣሩን ክፍል ብቻ አጽዱ። ለጭስና ለብርጭቆ ነጸብራቅ ደግሞ፣ የተነሱት ጥቁር ባክግራውንድ ፊት ከሆነ ስክሪን የሚባለው ብሌንድ ሞድ ከማንኛውም ማስክ ይሻላል።

ፔን ቱል አሁንም ያስፈልጋል?

የጫማ፣ የስልክ፣ የመኪና፣ የጠርሙስ ፎቶ ለምትሠሩ አዎ። ቀጥ ላለና ጥርት ላለ ጠርዝ እሱን የሚስተካከል የለም። መስመሩን ከጠርዙ 1 ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ነጩ መስመር ገና ከመነሻው አይመጣም። ሰው ስትቆርጡም ሁለቱን ማዋሃድ ይቻላል፦ ልብሱን በፔን፣ ፀጉሩን በማስክ።

ጂምፕ ላይስ?

ኦልት ይዛችሁ ማስኩን ክሊክ ስታደርጉ እዚያም ለብቻው ይታያል። ማስኩን ለጊዜው ለማጥፋት ግን ኮንትሮል ነው። ጋውሲያን ብለርና ሌቭልስ ማስኩ ላይ እንዳለ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ጥንድ አይቀየርም። ሴሌክት ሜኑ ውስጥ ግሮው፣ ሽሪንክና ፌዘር አሉ። ሪሙቭ ሆልስ የሚለው ደግሞ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ ይደፍናል። ሰውየው ክንዱን ወገቡ ላይ ካደረገ ግን ተጠንቀቁ፤ በክንዱና በወገቡ መካከል ያለውንም እውነተኛ ክፍተት ይደፍነዋል።

ሺፍትና ኪው ስትጫኑ ኩዊክ ማስክ ይከፈታል፤ ያልተመረጠው ቦታ ቀይ ይሆናል። ፎቶሾፕ ላይ ኪው ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ ገና ወደ ማስክ ያልተቀየረን ሴሌክሽን በብሩሽ ለማረም ጥሩ ነው።

ማስኩ ሁልጊዜ ሻካራ ይወጣብኛል። ፎቶው ይሆን ችግሩ?

ሊሆን ይችላል። ጄፔግ ፎቶውን በ8 በ8 ፒክስል ብሎክ ከፋፍሎ ነው የሚጨምቀው። ብዙ ጊዜ የቀለሙን ዝርዝር ከብርሃኑ በላይ ይቀንሰዋል። በጣም የተጨመቀ ፎቶ ላይ እነዚህ ብሎኮች ጠርዙ ዙሪያ እንደ ሽርፍራፊ ይታያሉ፤ አውቶማቲኩ ምርጫም እነሱን ተከትሎ ይሄዳል። በሜሴጂንግ አፕ የተላከ ፎቶ ከሆነ ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ካሜራው ያወጣው ሮው (ገና ያልተቀነባበረ) ፋይል ካለ ደግሞ ከሱ ጀምሩ። መጥፎ ፋይል ላይ አንድ ሰዓት ከመታገል ጥሩ ፋይል ለማግኘት አስር ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል።

ማስኩ ሳይጠፋ እንዴት ላስቀምጠው?

የሥራ ፋይላችሁን ፎቶሾፕ ላይ ፒኤስዲ ወይም ቲፍ፣ ጂምፕ ላይ ኤክስሲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማስኩ ሳይነካ ይቆያል። አፕላይ ሌየር ማስክ የሚለውን አትንኩ፤ የደበቃችሁትን ሁሉ ለዘለቄታው ይቆርጠዋል።

ለሌላ ሰው የምትሰጡት ቅጂ ባክግራውንዱ ክፍት እንዲሆን ከፈለጋችሁ ፒኤንጂ ነው። ጄፔግ ክፍት ቦታን አይዝም፤ በአንድ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ በነጭ፣ ይሞላዋል። ጂፍ ክፍት ቦታ ይይዛል፤ ግን አንድ ፒክስል ወይ ሙሉ ለሙሉ ይታያል ወይ አይታይም። ግራጫ የሚባል ነገር የለውም። ሰዓታት የለፋችሁበት ለስላሳ ጠርዝ ጂፍ ላይ ተመልሶ ጥርስ ያወጣል።